የሰሎሞን ፕላኪ ሕይወትና የቋንቋ ትምህርት ፍሬ

የምህንድስና ሥራ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የሚሸከመው ክብደት ይወሰናል፤ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የሚያሳልፈው የውኃ መጠን ይሰላል። ውጤት ተኮር ትምህርት የሚባለውም አስተሳሰብ ከዚሁ ልማድ ጋር ይቀራረባል። መምህሩ ምን አስተማረ ከማለት ይልቅ፣ ተማሪው በመጨረሻ ምን ማድረግ ቻለ ብሎ ይጠይቃል። በሒሳብና በፊዚክስ ረገድ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ብዙ አያስቸግርም። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ላይ ሲደረስ ግን፣ ይልቁንም ብዙ ቋንቋዎችና ባህሎች ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር፣ ነገሩ ይከብዳል። ሰው ቋንቋ ተማረ የሚባለው ምን ማድረግ ሲችል ነው? ተረትና ተውኔት ማወቁስ ከምን ይቆጠርለታል?

ይህን ጥያቄ በሰፊው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪቃ ናት። የሙከራው ታሪክ በኋላ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከሥርዓተ ትምህርቱ ሰነዶች ሁሉ ይልቅ መልሱን አጉልቶ የሚያሳየው፣ ሰነዶቹ ከመጻፋቸው ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያረፈ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ይህ ሰው ሰሎሞን ጼኪሾ ፕላኪ ይባላል። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና አስተዳደግ

ፕላኪ የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1876 በኦሬንጅ ፍሪ ስቴት፣ ቦሾፍ በምትባለው ከተማ አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ቦታ ነው። ወላጆቹ ከትስዋና ሕዝብ መካከል ባሮሎንግ ከሚባለው ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሕፃኑ ስም ራሱ የአገሪቱን ኑሮ ያሳያል። ሰሎሞን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ጼኪሾ በሴትስዋና ፍርድ ማለት ነው፤ ፕላኪ ደግሞ ከሆላንድኛ የመጣ የቤተሰብ ቅጽል ስም ነው። በአንድ ሰው ስም ውስጥ ሦስት ዓለማት ተገናኝተዋል።

ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ በቫል ወንዝ ዳር ወደሚገኘው፣ የበርሊን ሚስዮን ወዳቋቋመው ወደ ጵኒኤል ሠፈር ተዛወረ። በዚያ ሠፈር ሴትስዋና፣ የኮራና ሕዝብ ቋንቋ፣ ሆላንድኛ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ በየዕለቱ ይሰማ ነበር። ልጁ ቋንቋዎቹን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጨዋታና ከሥራ ቀሰማቸው። ሴትስዋናን ግን በወጉ ያስተማሩት እናቱና ሁለት አክስቶቹ ናቸው። የባሮሎንግን የዘር ሐረግ፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ቃል በቦታው የሚውልበትን ጥበብ ያገኘው ከእነርሱ ነበር። በኋላ ዝናው በወጣ ጊዜም ይህን ውለታ በጽሑፍ መስክሯል። ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ሴትስዋናን አጥርተው የሚናገሩት እውቀታቸውን ያገኙት ከእናት ወይም ከአያት መሆኑን ገልጿል።

በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ጀርመናዊው ቄስ ኤርንስት ቬስትፋልና ባለቤታቸው ናቸው። ወይዘሮ ቬስትፋል የልጁን ተሰጥዖ ተመልክተው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ሙዚቃ አስተማሩት። ፕላኪ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ታናናሾቹን የሚያስተምር ረዳት መምህር ሆነ። መደበኛ ትምህርቱ ግን ከመጀመሪያ ደረጃ አላለፈም። ከዚህ በኋላ ያገኘው ሁሉ ከንባብ፣ ከሥራና ከሰው የተገኘ ነው።

በኪምበርሊ

በ1894 የአልማዝ ማዕድን ወደሚወጣባት ወደ ኪምበርሊ ከተማ ሄዶ በፖስታ ቤት መልእክተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ኪምበርሊ ከየአቅጣጫው ለሥራ የመጣ ሕዝብ የተከማቸባት ከተማ ስለነበረች ኮሳና ሌሎች ቋንቋዎችም በጎዳናው ይነገሩ ነበር። በ1895 የተማሩ ጥቁር ወጣቶች የመሻሻል ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ በየተራ ጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ጮክ ብለው ያነብባሉ፤ የተቀሩት ሐሳቡንም አነጋገሩንም ይተቻሉ። ፕላኪም በዚህ መድረክ ላይ ጽሑፍ እያቀረበ፣ እየታረመና እያረመ እንግሊዝኛውን አሻሻለ። ማኅበሩ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ትምህርት ቤት አልነበረም። ነገር ግን አድማጭ ነበረው፤ ተናጋሪን የሚያርመው ደግሞ አድማጭ ነው።

በ1896 በዚያችው ከተማ የሼክስፒርን ሐምሌት በመድረክ ላይ አየ። ከዚያ ወዲያ የሼክስፒር ሥራዎች ከእጁ አልተለዩም። ሥራዎቹ በሕይወቱም ውስጥ ገብተው ነበር። ያፈቀራት ወጣት ኤልሳቤጥ ምቤሌ የኮሳ ቋንቋ ተናጋሪ ስትሆን እርሱ ትስዋና ነበር። የሁለቱም ወላጆች ከሌላ ወገን ጋር መጋባቱን አልወደዱትም። ወጣቶቹ አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ገና በሚገባ ስላላወቁ የፍቅር ደብዳቤያቸውን የሚጻጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ሮሚዮና ጁልየት የተባለውን ተውኔት ያነበበ ሰው ይህን ሁኔታ በሚገባ ይረዳዋል። በ1898 ተጋቡ፤ ውሎ አድሮም ሁለቱ ቤተሰቦች ታረቁ። ፕላኪ ይህን ታሪክ በ1916 ለሼክስፒር ሦስት መቶኛ የሙት ዓመት መታሰቢያ በለንደን በታተመ መድበል ውስጥ ጽፎታል።

የሰው ነፍስ በቃል ላይ ሲንጠለጠል

በዚያው በ1898 ዓመት ፕላኪ በማፌኪንግ ከተማ የፍርድ ቤት አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆነ። የቋንቋ ትምህርት ፍሬ ከሁሉ ይልቅ የሚመዘነው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ዳኛው እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከሳሹ ቦየር ሆላንድኛ ይናገራል፤ ተከሳሹ ሴትስዋና፣ ምስክሩ ኮሳ ይናገር ይሆናል። በመካከላቸው የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው አንዲት ቃል ቢያጓድል ወይም በምሳሌ የተነገረውን ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ ንጹሕ ሰው ወኅኒ ሊወርድ ይችላል፤ ስሕተቱንም ማንም አያውቅበትም። የትስዋና ሽማግሌ ነገሩን በምሳሌ ከጀመረ ምሳሌው ጌጥ አይደለም፤ የምስክርነቱ አካል ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው ከሰዋስው ባሻገር የሁለቱንም ሕዝብ ልማድ፣ ይሉኝታና የአነጋገር ወግ ማወቅ ነበረበት።

ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900 ማፌኪንግ በቦየር ጦር ለ217 ቀናት ተከበበች። በከበባው ወቅት በከተማዋ በተቋቋመው አስቸኳይ ችሎት ፕላኪ አስተርጓሚ ነበር፤ ችሎቱም የሞት ፍርድ ይሰጥ ነበር። ቀለብ በተመጠነበት በዚያ ጊዜ ጥቁሮቹ ነዋሪዎች ከነጮቹ ይልቅ በረኃብ ተጎዱ፤ ምግብ ሰርቀው የተገኙም በጥይት ተገደሉ። ፕላኪ በከበባው ዘመን የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መሠረቱ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ነገሩ እንደጠየቀው ሆላንድኛ፣ ሴትስዋናና ኮሳ ያስገባበታል። ማስታወሻው ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ቆይቶ በ1973 ታተመ። ያንን ከበባ በጥቁር አፍሪቃዊ ዓይን የሚያሳይ ብርቅ ምስክር ነው።

ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ፕላኪ ስለ ፍርድ ቤት አስተርጓሚነት አንድ ሐተታ ጻፈ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሁሉ አስተርጓሚ ሊሆን እንደማይችል፣ ችሎቶችም በቂ አስተርጓሚ ሳይኖራቸው የሚሰጡት ፍርድ ፍትሕን እንደሚያዛባ አስረዳ። የቋንቋ ትምህርት የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ከእርሱ የበለጠ ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ጋዜጣውና የመሬቱ ሕግ

ፕላኪ በ1902 የመንግሥት ሥራውን ትቶ በሴትስዋናና በእንግሊዝኛ የምትታተም ኮራንታ ኤያ ቤኮዋና የተባለች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። የጋዜጣዋ አንባቢ ሕዝብ ድኻ ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገንዘብ አጥታ ቆመች። በ1910 በኪምበርሊ ሌላ ጋዜጣ ጀመረ። በጋዜጦቹ ላይ መንግሥት ያወጣው ሕግ ለሕዝቡ በሴትስዋና ይገለጣል፤ የሕዝቡም ቅሬታ በእንግሊዝኛ ለገዥዎች ይቀርባል። አዘጋጁ በችሎት ይሠራ የነበረውን ሥራ አሁን በአደባባይ ይሠራ ነበር።

በጃንዩዋሪ 1912 በብሉምፎንቴን ከተማ የደቡብ አፍሪቃ ጥቁር ሕዝብ ብሔራዊ ጉባኤ ሲመሠረት፣ ፕላኪ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። ይህ ድርጅት በኋላ የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግረስ የተባለው ነው። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከአገሪቱ መሬት ከመቶ ሰባት ገደማ ከሆነው ክልል ውጭ መሬት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ ከለከለ። ፕላኪ በብስክሌት በየመንገዱ እየዞረ፣ ከብቶቻቸውን እየነዱ ማረፊያ ያጡትን ቤተሰቦች አነጋገረ። በጉዞ ላይ ልጃቸው ሞቶባቸው የሚቀብሩበት መሬት ያጡ፣ በሌሊት በሰው መሬት ላይ ተደብቀው የቀበሩ ወላጆችን ታሪክ መዘገበ። በ1914 ከልዑካን ጋር ወደ ለንደን ሄዶ አቤት አለ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጣልቃ አልገባም። ልዑካኑ ሲመለሱ እርሱ በዚያው ቀርቶ በ1916 ስለ ሕጉና ስላስከተለው መከራ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሴቶቹ በሴትስዋናና በሆላንድኛ የነገሩትን ኀዘን፣ የእንግሊዝ አንባቢ እንዲያፍርበት አድርጎ በእንግሊዝኛ ጻፈው። ወይዘሮ ቬስትፋል ያስተማሩት ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ዋለ።

ድምፅና ምሳሌ

በዚያው በ1916 ዓመት ሁለት ሌሎች መጻሕፍት በለንደን አሳተመ። የመጀመሪያው የሴትስዋና ምሳሌያዊ አነጋገሮች መድበል ሲሆን 732 ምሳሌዎችን ይዟል። ከእያንዳንዱ ጎን ቀጥተኛ ትርጉሙና ከአውሮጳ ቋንቋዎች ምሳሌዎች ውስጥ የሚመጥነው ተቀምጧል። በዚህ አቀራረብ አንዱ ባህል የሌላው ጥገኛ ሳይሆን አቻ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው የሴትስዋና ማንበቢያ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ጥናት ሊቅ ከዳንኤል ጆንስ ጋር የተዘጋጀ ነው። ችግሩን ለመረዳት የራሳችንን ፊደል ማሰብ ይበቃል። ገና ስንል በዓሉን ይሁን ጊዜው አለመድረሱን፣ ዋና ስንል በውኃ መንሳፈፉን ይሁን ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ጽሑፉ አይለየውም፤ የሚለየው የሚጠብቀውን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ ነው። ሴትስዋናም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው፤ ሚስዮናውያን ያወጡለት አጻጻፍ ግን ይህን አያሳይም ነበር። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሚስዮን የየራሱን አጻጻፍ ስለሚጠቀም፣ በአንዱ መጽሐፍ ማንበብ የተማረ ልጅ ሌላውን ሲያይ ይደናገራል። ፕላኪና ጆንስ እያንዳንዱን ድምፅ በዓለም አቀፍ የድምፅ ምልክቶች መዘገቡት። ጆንስ በ1917 ስለ ሴትስዋና ድምፆች በሰጠው ንግግር ላይ፣ ዛሬ በሥነ ልሳን የታወቀውን የፎኒም ጽንሰ ሐሳብ ስሙን ጠርቶ አስተዋውቋል። አንድ አፍሪቃዊ ጋዜጠኛ የእናቱን ቋንቋ ለማስተማር የደከመው ድካም ለዓለም ሳይንስም ተርፏል።

ሼክስፒር በሴትስዋና

ፕላኪ በ1919 ከሁለተኛ የልዑካን ቡድን ጋር ለንደን ሄዶ ከጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ፊት ቀረበ፤ ጉዳዩ ግን አሁንም ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያ ወደ ካናዳና አሜሪካ ተሻግሮ ከታወቁ የጥቁር መሪዎች ጋር ተገናኘ። ሲመለስ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ይዞ መጣ። ትምህርት ሰጪ ፊልሞችን በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ እየዞረ አሳየ፤ መብራት ወደሌለበት ገጠር መሣሪያ ተሸክሞ መጓዝ ምን ያህል እንደሚያደክም የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

ከ1920ዎቹ መካከል ጀምሮ ግን ዋናው ሐሳቡ ሴትስዋና ሆነ። ወጣቶቹ የእናታቸውን ቋንቋ አጥርተው መናገር እየተሳናቸው መሄዱ አሳሰበው። ትምህርት ቤቶቹ በሴትስዋና የሚያስነብቡት ከሃይማኖት መጻሕፍት በቀር ሌላ ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ቋንቋውን የሚያድነው ውዳሴ ሳይሆን መጽሐፍ መሆኑን ስለተረዳ ተረት መሰብሰብ፣ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀትና የሼክስፒርን ተውኔቶች መተርጎም ያዘ። በ1930 የስሕተቶች ኮሜዲ የተባለውን ተውኔት በሌሶቶ ሞሪያ ማተሚያ ቤት በሴትስዋና አሳተመ። በዚያው ዓመት ከአሥር ዓመት በፊት የጻፈው ምሁዲ የተባለ ልብ ወለድ ታተመ። ጥቁር ደቡብ አፍሪቃዊ በእንግሊዝኛ የጻፈው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ይህ ነው። በ1830ዎቹ የባሮሎንግን መፈናቀል ሲተርክ የእናቱን ቤት ተረትና ምሳሌ በእንግሊዝኛው ውስጥ አስገብቷል። እንግሊዝኛውን ወደ ሴትስዋና፣ ሴትስዋናውን ወደ እንግሊዝኛ አሻገረ ማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ የውጭ ሊቃውንት የሴትስዋናን አጻጻፍ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ለማዋሐድ ያወጡትን እቅድ ፕላኪ አጥብቆ ተቃወመ። ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ሳይጠየቅ ፊደሉ ሊወሰን አይገባም የሚል ነበር ክርክሩ። ድጋፉ ግን አነስተኛ ነበር። ለማሳተሚያ ገንዘብ ከየአቅጣጫው ሲለምን ኖሮ፣ ጁን 19 ቀን 1932 በጆሐንስበርግ አጠገብ በፒምቪል በሳንባ ምች በ55 ዓመቱ ዐረፈ፤ በኪምበርሊም ተቀበረ። የተረጎመው ጁልየስ ቄሳር ከሞቱ በኋላ በ1937 ታተመ፤ ሆኖም በሌሎች እጅ አጻጻፉ ተለውጦ ነበር። ሌሎቹ ትርጉሞቹ ሳይታተሙ ጠፍተዋል። መዝገበ ቃላቱም ሳይፈጸም ቀረ። አንድ ሕዝብ ሊያነበው ይችል የነበረ መጽሐፍ በወረቀትና በቀለም ዋጋ ምክንያት ቀረበት ማለት ነው።

ከሞቱ በኋላ

በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የአፍሪቃ ቋንቋዎችን በትምህርት ቤት አስገባ፤ ዓላማው ግን ጥቁሩን ልጅ በየጎሣው ከልሎ ለዝቅተኛ ሥራ ማዘጋጀት ነበር። ለፕላኪ የእናት ቋንቋ የቤት መሠረት ነበር፤ ለአፓርታይድ ግን አጥር ሆነ። በኋላም መንግሥት አፍሪካንስን የትምህርት ቋንቋ አድርጎ በግድ ሲጭን፣ ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ተነሡ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። ፕላኪ የሞተባት ፒምቪል ዛሬ የሶዌቶ ክፍል ናት።

አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ የ1996 ሕገ መንግሥት ለ11 ቋንቋዎች እኩል ሥልጣን ሰጠ፤ በ2023 የምልክት ቋንቋ 12ኛ ሆኖ ተጨመረ። በ1997 የወጣው የቋንቋ መመሪያ ተማሪው የእናቱን ቋንቋ ሳይጥል ሌላ እንዲጨምር ይደግፋል። በ1998 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በውጤት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ተማሪው ሊደርስባቸው የሚገቡ 66 ዝርዝር ውጤቶችም ወጡለት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የባህሎችን እኩልነትም ያከብር ነበር። ነገር ግን በ2000 የተሾመ ገምጋሚ ኮሚቴ ቋንቋው ለመምህራን የማይገባ መሆኑን፣ የመምህራን ሥልጠናውና የመማሪያ መጻሕፍቱም በቂ አለመሆናቸውን አስታወቀ። ሥርዓቱ በ2002 ተሻሻለ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በየክፍሉ የሚማረውን ይዘት በዝርዝር በሚወስን ሌላ ተተካ። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ምሰሶው የሚሸከመውን ክብደት በወረቀት ላይ መጻፍ ሲሚንቶና ብረት አቀረበ ማለት አይደለም።

ለትምህርት የሚተርፈው

ከፕላኪ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ከዚህ ላይ ይነሣል። የቋንቋ ትምህርት ውጤት ተማሪው ለራሱ በሚያገኘው ማዕረግ ብቻ አይለካም፤ በመካከሉ ቆሞ ለሌሎች በሚያደርገው ነገር ይለካል። ተከሳሹ የተናገረው ለዳኛው በትክክል ከደረሰ፣ የተፈናቀለችው እናት ቃል ለንደን ከተሰማ፣ የሼክስፒር ቀልድ የትስዋናን ገበሬ ካሣቀ፣ ቋንቋው ተምሯል ማለት ይቻላል። ሥነ ጽሑፍም በዚህ ሥራ ውስጥ ትርፍ ጌጥ አይደለም። ምሳሌ የማያውቅ አስተርጓሚ ምስክርነቱን ያበላሻል፤ ተውኔት ያላነበበ ጸሐፊ የሌላውን ኀዘን ለሌላው አይገልጥም። የሌላው ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ የሚጠቅመው የራሱን ጠንቅቆ ለያዘ ሰው ነው። ፕላኪ ሼክስፒርን ለመተርጎም የቻለው እንግሊዝኛን ስላወቀ ብቻ ሳይሆን እናቱና አክስቶቹ ሴትስዋናን ስላስጨበጡት ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከፍተኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የሠለጠነ መሐንዲስ ግድቡ ስለሚያርፍበት መሬት ከገበሬው ጋር ሲነጋገር፣ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ቃሉ ካልተግባባ ሥራው ይቆማል፤ አልያም ገበሬው ሳይገባው ይፈርማል። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ በመካከል የሚቆመው ሰው የፕላኪን ሥራ ይሠራል፤ ለሥራው ያዘጋጀው ትምህርት ቤት ግን እምብዛም የለም።

ዛሬ በኪምበርሊ በ2014 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል፤ ከተማዋን የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤትም እንዲሁ። ክብሩ ይገባዋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ግን ከስሙ ይልቅ ያፈሩትን ነገሮች ቢቆጥር ይሻላል። ተረት የሚያውቁ እናትና አክስቶች ነበሩ፤ መጽሐፍ የምታውስ አስተማሪ ነበረች፤ ጽሑፉን አዳምጦ የሚያርመው ማኅበር ነበር፤ በትክክል መናገሩ የሰው ነፍስ የሚያድንበት ሥራም ነበረው። እነዚህ ባሉበት ቦታ ውጤቱ ይመጣል። በሌሉበት ግን የውጤቶቹ ዝርዝር 66 ቢሆን ወይም 660 ቢሆን፣ ልጁ ከክፍሉ የሚወጣው እንደገባ ነው።